በሕግ አምላክ ሲባል መንግሥትም ይቁም

ርዕሰ አንቀጽ
ከፓይን ሌክ፣ አትላንታ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወገናችን የታጠፈ ወረቀት በኪሱ ይዞ ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጣ። ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ ሲሠራ አድሮ ገና ጋደም እንዳለ ልጁን ትምህርት ቤት ውስጥ እንዳመማት የሚገልጽ መልእክት በስልኩ ይደርሰዋል። እየበረረ ሄደ። ዞሮ በዋናው በር ለመግባት ትዕግሥት አልነበረውምና በጎን በኩል አንድ ተማሪ ሲወጣ በሩ ሳይዘጋ ደርሶ ገባ፤ ፎቅ ወጥቶም የልጁን ክፍል አንኳኳ። መምህሯ ደነገጠች። ፖሊስ ተጠራ። ቃል ከቃል ተመላለሱ፣ ድምፅም ከፍ ከፍ አለ። በመጨረሻ ልጁን ይዞ ሲወጣ ወረቀቱን ሰጡት፤ ያለ ዳይሬክተሯ ፈቃድ ወደዚህ ግቢ ዳግመኛ እንዳትገባ የሚል ነው።

«ልጄን ልወስድ ሄጄ ሌባ ተባልኩ» አለን። «ከሀገሬ ያባረሩኝ አንሶ እዚህም ከደጅ መለሱኝ።»

ወረቀቱን አነበብንለት። ሌባ አይልም። ክስም አይደለም። ማስጠንቀቂያ ነው። ነገር ግን እንደ ተራ ወረቀት ተጣጥፎ ኪስ ውስጥ የሚቀር ነገር እንዳልሆነ ልንነግረው ግድ ሆነብን። ይህን ርዕሰ አንቀጽ የምንጽፈውም እንደ እርሱ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን በዚህ ሕግ ሳያውቁ እየተሰናከሉ ስለሆነ ነው። ከዚያም አልፎ፣ ስለ አንድ የትምህርት ቤት በር ስናወራ ሳናስበው ስለ ሀገራችን ስናወራ ራሳችንን ስላገኘነው ነው።

የምንጽፍባት ፓይን ሌክ በዲካልብ ካውንቲ፣ ከስቶን ማውንቴን ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በከተማነት የተቋቋመች፣ ሕዝቧ ከአንድ ሺህ የማይሞላ፣ መንደር የምትመስል ከተማ ናት። በመኪና ጥቂት ደቂቃ ብትሄዱ ክላርክስተንን ታገኛላችሁ፤ ከዓለም ዙሪያ የተሰደደው ሁሉ የከተመባት፣ የእኛም ሰው በየአፓርትመንቱ የሚኖርባት ስፍራ። በዚህ አካባቢ «ያለፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ያልተለጠፈበት ግቢ ማግኘት ይከብዳል። ብዙዎቻችን ሰሌዳውን እናየዋለን፤ አናነበውም።

በጆርጂያ ሕግ «ክሪሚናል ትሬስፓስ» የሚባለው ወንጀል ምንድን ነው? ሰው ወደ ሌላው መሬት፣ ቤት ወይም ተሽከርካሪ ለሕገወጥ ዓላማ አውቆ ከገባ፣ ወይም ባለይዞታው «እንዳትገባ» ካለው በኋላ ከገባ፣ ወይም «ውጣ» ተብሎ እምቢ ካለ ጥፋተኛ ነው። ሆን ብሎ የሌላውን ንብረት ከ500 ዶላር ባልበለጠ መጠን ያበላሸም በዚሁ ድንጋጌ ይጠየቃል። ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስራት፣ እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ነው። ትምህርት ቤት ሲሆን ደግሞ ይጠብቃል፦ በቂ ምክንያት ሳይኖረው ግቢ ውስጥ የተገኘ ሰው ኃላፊው ውጣ ብሎት አልወጣም ካለ የሚጠየቀው ከፍ ባለ ወንጀል ነው፤ መቀጮውም እስከ 5,000 ዶላር ይደርሳል።

የሕጉ ቁልፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ሰሌዳ ሊሆን ይችላል፣ ቃል ሊሆን ይችላል፣ ወገናችን እንደተቀበለው ያለ ወረቀትም ሊሆን ይችላል። ከተነገረህ በኋላ «አላወቅሁም ነበር» የሚባል መልስ የለም። በተለይ ዜግነት ያላገኘ ሰው ሊጠነቀቅ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የጸደቀው የጆርጂያ ሕግ የእስር ቤት ኃላፊዎች የሚገባውን ሰው የኢሚግሬሽን ሁኔታ እንዲያጣሩና ከፌዴራል መንግሥቱ ጋር እንዲተባበሩ ያስገድዳል። በትንሽ ነገር አንድ ሌሊት ማደር ለአንዱ አንድ ሌሊት ነው፤ ለሌላው ግን የብዙ ዓመት ልፋት የሚያልቅበት ደጃፍ ሊሆን ይችላል።

እኛ ያደግንበት ባህል ይህን የማያውቅ ሆኖ ነውን? አይደለም። በሀገራችን እንግዳ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ከውስጥ «ማነው? ግቡ» እስኪባል ደፉን አይረግጥም። ድንበር ገፊ በጎረቤቱ ዘንድ የተናቀ ነው። ጠበኞች ሲያያዙም ከመካከል አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ የተሰነዘረ ዱላ ይወርድ ነበር። ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ሳይኖር፣ የተጻፈ ወረቀት ሳይታይ፣ አንድ ቃል ሰውን ያቆመው ነበር። ወገናችን ኪስ ውስጥ የነበረው ወረቀት እንግዲህ ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ «በሕግ አምላክ» ነው።

በሩ ለምን እንደዚህ ይጠበቃል ለሚል ደግሞ መልሱ ሩቅ አይደለም። በዚሁ በዲካልብ ካውንቲ፣ ዲኬተር አጠገብ በሚገኘው በሮናልድ ማክኔር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ኦገስት 20 ቀን 2013 ጠመንጃ የያዘ አንድ ወጣት በሩ ለሌላ ሰው ሲከፈት ከኋላ ተከትሎ ገባ። ወደ 500 የሚጠጋ ጥይት ይዞ ነበር። ግቢው ውስጥ ከ800 በላይ ሕፃናት ነበሩ። አንቶይኔት ታፍ የተባለች የትምህርት ቤቱ የሒሳብ ሠራተኛ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ የራሷን የሕይወት ችግር እየነገረችው፣ እያጽናናችው፣ መሣሪያውን አስቀምጦ እጁን እንዲሰጥ አደረገች። አንድም ሰው አልሞተም። ያ ሰው የገባበት መንገድና ወገናችን የገባበት መንገድ አንድ ነው፦ ለሌላ ሰው የተከፈተ በር። መምህሯ አባትን ከገዳይ የምትለይበት ምልክት በፊቱ ላይ አልተጻፈም።

ይህን ስንል ግን በር ሁሉን ያድናል ማለታችን አይደለም። ሴፕቴምበር 4 ቀን 2024 በዊንደር ከተማ በአፓላቺ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎችና ሁለት መምህራን ሲገደሉ የተከሰሰው የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። እርሱን የሚያስቆም የትሬስፓስ ሕግ የለም። ሕጉ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው የሚችለው። ስለዚህ ከወላጆች የሚጠበቀው ቀላል ነው፦ በዋናው በር ግቡ፣ ቢሮ ሄዳችሁ መታወቂያ አሳዩ፣ የእንግዳ ምልክቱን ልበሱ፣ ለማታውቁት ሰው በር ይዛችሁ አትጠብቁ። ይህ የመጨረሻው ከይሉኝታችን ጋር ይጋጫል፤ ይሁን፣ ይጋጭ።

ሁለተኛው ጉዳይ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ጆርጂያ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ቤት ይዞ የሚቀመጥን ሰው የሚቀጣ አዲስ ሕግ አውጥታለች። ፖሊስ መጥሪያ ከሰጠው በኋላ ሰውየው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ቤቱን ለመያዝ የሚያስችለውን ሰነድ ካላቀረበ ይታሰራል። ባለቤቶች በዚህ ሕግ ደስ ቢላቸው አንፈርድባቸውም፤ ለፍተው የገዙት ቤት ውስጥ የማያውቁት ሰው ገብቶ ያገኙ አሉና። ነገር ግን የእኛ ሰው ቤት እንዴት እንደሚከራይ እናውቃለን። በሰው በሰው ተነጋግሮ፣ ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ፣ ያለ ውል፣ ያለ ደረሰኝ ይገባል። ያከራየው ሰው አጭበርባሪ ሆኖ ቢገኝ ወይም እውነተኛው ባለቤት አንድ ቀን ቢመጣ በሦስት ቀን ውስጥ ምን ወረቀት ያቀርባል? ውል አስጽፉ። ደረሰኝ ተቀበሉ። በሌላ በኩል ደግሞ በሕጋዊ መንገድ የተከራየ ሰው ኪራይ ስላሳለፈ ብቻ ጥሶ የገባ አይባልም። አከራዩ በር ቀይሮ ዕቃውን ሊያወጣበት አይችልም፤ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት፣ ተከራዩም መጥሪያው ከደረሰው በኋላ መልስ የሚሰጥበት ሰባት ቀን አለው።

ሦስተኛውን ስንጽፍ እያፈርን ነው። በየከተማው በቤተ ክርስቲያንና በማኅበር ጠብ ምክንያት አንዱ ወገን በሌላው ላይ ፖሊስ እየጠራ፣ ትናንት አብሮት ያስቀደሰውን፣ ምናልባትም ግንቡን በገንዘቡ ያሠራውን ሰው «ይህ ግቢ አይመለከተውም» እያለ የትሬስፓስ ወረቀት እያሰጠ ነው። ሽማግሌ የሚፈታውን ነገር ሸሪፍ እንዲፈታው ማድረግ የሕግ አክባሪነት ምልክት አይደለም። ሕጉ የተጻፈው ለሌባና ለወራሪ ነው። በወንድም ላይ ሲመዘዝ ያሸነፈም የተሸነፈም ደጁ ላይ ቆሞ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንባብያን አንድ ነገር እንዲያስቡ እንፈልጋለን። ይህ ሕግ ንጹሕ ታሪክ ያለው ሕግ አይደለም። በ1960 መጀመሪያ ላይ የጥቁር ተማሪዎች የምግብ ቤት ተቃውሞ በደቡብ ግዛቶች ሲስፋፋ የጆርጂያ ምክር ቤት ባለቤቱ ውጣ ብሎት የማይወጣን ሰው ወንጀለኛ የሚያደርግ ሕግ በፍጥነት አወጣ። ዓላማው ግልጽ ነበር። ኦክቶበር 19 ቀን 1960 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተማሪዎቹ ጋር አትላንታ መሐል በሚገኘው በሪችስ የገበያ አዳራሽ ምግብ ቤት ሊስተናገዱ ገብተው ተያዙ። ሌሎቹ ሲፈቱ እርሳቸውን ወደ ዲካልብ ካውንቲ፣ ዛሬ እኛ ወደምንኖርበት ካውንቲ አመጧቸው። ምክንያቱ? በዚያው ዓመት ያለ ጆርጂያ መንጃ ፈቃድ ሲያሽከረክሩ ተገኝተው በገደብ የተለቀቁበት ጉዳይ ነበርና «ገደቡን ጥሰሃል» ተባሉ። አራት ወር የጉልበት ሥራ እስራት ተፈረደባቸው፤ በሌሊት በሰንሰለት ታስረው ወደ ሪድስቪል ወኅኒ ቤት ተወሰዱ። የኬኔዲ ወንድማማቾች ስልክ ከደወሉ በኋላ በዋስ ተለቀቁ።

ስለዚህ «ሕግ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። ያ ሕግ አጥርን አልጠበቀም፤ ጌትነትን ነው የጠበቀው። ነገሩን የለወጠው በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ለሕዝብ በተከፈተ ሆቴልና ምግብ ቤት ሰውን በቀለሙ ማባረር እንደማይቻል ደነገገ። እዚሁ አትላንታ የነበረ አንድ የሞቴል ባለቤት «ንብረቴ ነው» ብሎ ቢከራከርም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ረታው። የንብረት መብት ቀረ ማለት አይደለም። አጥሩ ቀረ፤ አጥሩን ዱላ ማድረግ ግን ተከለከለ። ይህም ሆኖ ዱላው ፈጽሞ አልተጣለም። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2020 አሕመድ አርበሪ የተባለ ጥቁር ወጣት በዚህ ግዛት ባሕር ዳርቻ ገና ተሠርቶ ያላለቀ ቤት ጎራ ብሎ ስለወጣ ሌባ ነው ብለው አሳደው የገደሉት ነጮች ነበሩ። ገዳዮቹ በ2021 ጥፋተኞች ተባሉ፤ ማንም ተነስቶ ሰው እንዲይዝ የሚፈቅደው ከ1863 ጀምሮ የነበረው ሕግም በዚያው ዓመት ተሻረ።

ዛሬም ደፉ ይገፋል። ጃንዋሪ 2025 የኢሚግሬሽን ፖሊሶች በትምህርት ቤትና በቤተ እምነት እንዳይዙ ይገድብ የነበረው የፌዴራል መመሪያ ተሰርዟል። አሜሪካን ገነት አድርገን አንሥልም። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፦ ወዲያው አንዳንድ የእምነት ድርጅቶች መንግሥትን ከሰሱ፤ ዳኛም ሰማቸው፤ በዚያው ዓመት ለራሳቸው እግድ አገኙ። መንግሥትን «በሕግ አምላክ» የሚሉበት ደጃፍ አላቸው።

የእኛስ? «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብሎ የተረተው ሕዝብ ሕግ ስላልነበረው አይደለም የተረተው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 13 የሰው መኖሪያ የማይደፈር መሆኑን ይናገራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 መኖሪያ ቤትን ከሕገወጥ ብርበራ ይጠብቃል፤ በአንቀጽ 40 ደግሞ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ያዛል። የወንጀል ሕጉም የሰው ቤት የሚደፍርን ይቀጣል። ወረቀቱ ሞልቷል። የጠፋው፣ ወረቀቱ ሲነበብለት የሚቆም መንግሥት ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሁሉ ሲወርስ አባቶቻችን «ቤቶች» ሳይባሉ ነበር በራቸው የተከፈተው። የደርግ ሥርዓት ሄደ፤ መሬቱ ግን ከመንግሥት እጅ አልወጣም። የራሱ ያልሆነ መሬት ላይ ያለ ቤት ደግሞ ባለሥልጣኑ ሲፈቅድ ቤት ነው፣ ሲጠላ «ሕገወጥ ግንባታ» ነው። በፌብሩዋሪ 2019 በለገጣፎ ሕፃን ያዘሉ እናቶች የፈረሰ ቤታቸው ላይ ቆመው ግብር የከፈሉበትን ደረሰኝ ሲያሳዩ አይተናል። የከተማው አስተዳደር ከ12 ሺህ በላይ ቤቶች ሕገወጥ ናቸው ብሎ ነበር። በ2024 ደግሞ ፒያሳ፣ ስንት ትውልድ የኖረባት ፒያሳ፣ በኮሪደር ልማት ስም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስትፈርስ አየን። ከተማ አይታደስ አላልንም። የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ጥሶ የገባው ማነው?

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጥፋት መናገር አለብን። በመንግሥት ጋዜጣ አርታኢነት በሠራንባቸው ዓመታት «ሕገወጥ ግንባታዎች ተወገዱ» የሚል ዜና ስንት ጊዜ ለማተሚያ ቤት አሳልፈን እንደሰጠን አንቆጥረውም። «የጨረቃ ቤት»፣ «የመሬት ወራሪ» የሚሉት ቃላት በብዕራችን ሥር አልፈዋል። ኮማውንና አራት ነጥቡን አርመናል። ቤቱ የፈረሰበትን ሰው ቃል ግን አንድም ቀን አላስገባንም። የሰውየውን ቤት ዶዘር ከማፍረሱ በፊት እኛ በቃል አፍርሰነዋል። ዛሬ በሰው ሀገር የራሳችንን የኪራይ ውል ደጋግመን ስናነብ ያ ትዝ ይለናል።

ወደ ትምህርት ቤት እንመለስ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ ፖሊስ ከግቢያችን ይውጣ የሚል ነበር። ከዚያ በላይ የትሬስፓስ ማስጠንቀቂያ ምን አለ? መልሱ ጥይት ሆነ፤ ከ30 በላይ ሰዎች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ተገደሉ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ከተማሪዎቹ ጋር ስለ ሰብዓዊ መብትና ስለ አካዳሚክ ነፃነት በተወያዩ በወሩ ታሰሩ። ዶክተር ብርሃኑ በ2021 የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ከዚያ ዓመት በፊት ጀምሮ ወታደሮች በመቀሌ የዐፄ ዮሐንስን ትምህርት ቤት ለወራት ሰፍረውበት፣ ዘርፈውትና አበላሽተውት እንደነበረ የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች መዝግበዋል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ጦርነቱ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ከፊሎቹም የጦር ሰፈር ሆነዋል፤ ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች ቁጥር ከአራት ሚሊዮን በላይ መድረሱ ተነግሯል። በእነዚያ በሮች ላይ «ውጡ» የሚል ዳይሬክተር ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን። ከቤቱ ተፈናቅሎ ከነልጆቹ ክፍል ውስጥ የተጠለለውን አንወቅሰውም፤ እርሱ የእግዜር እንግዳ ነው። የምንወቅሰው ጠመንጃ ይዞ ጥቁር ሰሌዳው ሥር የተኛውን ነው፤ የመንግሥትም ይሁን የታጣቂ።

እንግዲህ የእኛ አቋም ይህ ነው። እዚህ ባለንበት ሀገር የሰውን አጥር፣ የትምህርት ቤትን በር እናክብር፤ ወረቀት ቢደርሰን ደጃፍ ላይ አንሟገት፣ እንውጣና ጠበቃ እንጠይቅ። ሕጉን ወንድማችንን ለማባረር አንጠቀምበት። ለሀገራችን የምንመኘው ሕግ ደግሞ ሌባን ብቻ ሳይሆን ዶዘር ነጂውን፣ ካድሬውንና የጦር አዛዡን የሚያቆም ይሁን። ስለ ለውጥ የሚናገር ፓርቲ ሁሉ፣ በስደት ያለውም ጭምር፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያዘጋጅ፦ ሥልጣን ስትይዙ «በሕግ አምላክ» ብንላችሁ ትቆማላችሁ ወይ?

ያ ወገናችን ባለፈው ሰኞ ደወለልን። ቀጠሮ አስይዞ በዋናው በር ገብቷል፤ መታወቂያውን አሳይቷል፤ መምህሯን ይቅርታ ጠይቋል። ዳይሬክተሯም እገዳውን አንስታለታለች። «ሃያ ደቂቃ አልፈጀም» አለን። ከዚያ ጥቂት ዝም አለና «አባቴ ቤታችን ሲፈርስ የሚያነጋግረው ሰው አጥቶ ነው የሞተው» አለ።

ቸር ይግጠመን።